ጀምበር ሳለ

አዲስ አበባ በሙቅ ውሃ ዳር የተወለደች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ አውርዶ ቤት እንዲያሠሩ ያደረጋቸው ፍልውሃ ነው። ያ ውሃ የቤተ መንግሥት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕመምተኛውም መንገደኛውም ወረፋ ጠብቆ ታጥቦበታል። ሙቅ ውሃ ለእኛ ከመነሻው የጋራ ሀብት ነበር። ምድር ያሞቀችውን የወረስን ሰዎች፣ ፀሐይ የምታሞቀውን ውሃ ሌሎች እንዴት አግኝተው እንዴት እንደጣሉት ማወቅ ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ1891 የባልቲሞሩ ክላረንስ ኬምፕ ጥቁር የተቀቡ በርሜሎችን መስታወት በለበሰ ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ የፈጠራ መብት አገኘበት። ሳጥኑ ግን ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይነጠቅ ነበር። በ1909 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዊልያም ቤይሊ ማሞቂያውን ከማጠራቀሚያው ለየው። ቱቦዎቹን ከታች ለፀሐይ ዘረጋ፤ በርሜሉን ሙቀት እንዳያመልጠው ሸፍኖ ከላይ አስቀመጠ። የሞቀ ውሃ ስለሚቀል ያለ ፓምፕ ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ስለሚከብድ ወደ ቱቦው ይወርዳል። ዛሬ በየጣሪያው ብዙ ጊዜ የምናየው አሠራር ይኸው ነው።

በ1941 ከማያሚ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በፀሐይ በሞቀ ውሃ ይጠቀም ነበር፤ አፓርታማዎችና ሆቴሎችም ጭምር። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማሞቂያው ቱቦ የሚሠራበትን መዳብ ለራሱ ወሰደው። ሰላም ሲመለስ ኤሌክትሪክ ረከሰ፤ በርሜሎች ዝገው ሲያፈሱም ከማደስ ይልቅ መተው ቀለለ። ፀሐይዋ ያው ነበረች፤ የደከመው ጠባቂዋ ነው። በ1979 ፕሬዚዳንት ካርተር በዋይት ሐውስ ጣሪያ ላይ ያስተከሏቸው 32 ማሞቂያዎችም በ1986 ለጣሪያ ጥገና ከወረዱ በኋላ አልተመለሱም። ነዳጅ ሲወደድ ማስታወስ፣ ሲረክስ መርሳት ልማድ ሆነ።

ከዚህ ልማድ የወጣችው እስራኤል ናት። ነዳጅ በቸገራት በ1950ዎቹ ማሞቂያውን ማምረት ጀመረች፤ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ ትምህርቱን ሕግ አደረገችው። ከ1980 ጀምሮ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ፣ ከ27 ሜትር በላይ ካልረዘመ በስተቀር፣ የፀሐይ ማሞቂያ ሊኖረው ግድ ሆነ። ከጎንደር ሄደው በአሽዶድና በነታንያ ፎቆች የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዱድ ሼሜሽ» የሚሉት እሱን ነው። የኤሌክትሪክ ማብሪያውን የሚጫኑት ደመናው ሲበረታ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ንጋት ላይ ብንቆም፣ በየመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር ሲበራ፣ ቦይለር የሌለው በምድጃ ላይ ድስት ሲጥድ እናያለን። ከበላያቸው ያለው ሰፊ ጣሪያ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ጣሪያው ለነዋሪው ይበቃል፣ ቧንቧውም አይረዝምም። ሃያ ፎቅ ሲሆን ጣሪያው ስለሚያንስ የጋራ ማጠራቀሚያ፣ ፓምፕና ሙቀት የማያባክን የቧንቧ መስመር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው። ባዶውን በፀሐይ የጋለ የመስታወት ቱቦ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ማሞቂያው ሁልጊዜ ውሃ የያዘ ሮቶ ከጎኑ ይሻል። ከሁሉ በላይ ተጠሪ ይሻል፤ የጋራ ጣሪያ ባለቤት ካጣ የማያሚ በርሜሎች ዕጣ ይደርሰዋል።

የነገው ሥራ እንግዲህ ከባድ ፈጠራ አይጠይቅም። ቧንቧው ግድግዳው ሳይለሰን ይቀበር፣ ጣሪያው ክብደቱን እንዲችል ተደርጎ ይሠራ፣ የጥገናው ወጪ ከነዋሪዎች መዋጮ ይመደብ። ከተጠናቀቀ በኋላ መሰርሰር ውድ ነው። አባቶቻችን «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ብለውናል። ለሕንፃ ጀምበሩ ገና መወጣጫው ሳይፈታ ያለው ጊዜ ነው።