ስለ መታመንና ስለ ልብ ጸጥታ

በእግዚአብሔር ታምኖ መዳንን የተቀበለ ሰው ከዚያ ወዲያ ፍርሃት የማያውቀው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በመምህርነት በቆየሁበት ዘመን፣ ተማሪዎች ልባቸው በታወከ ቍጥር «እንግዲያው አላመንሁም ማለት ነው» እያሉ ሲጨነቁ አይቻለሁ። የታሪክ ምስክርነት ግን ይህን አሳብ አይደግፈውም፤ ለዚህም ማርቲን ሉተርን እጠራለሁ። (ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1534 ዓ.ም. ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከእርሱ ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሮአል። የምጽፈው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።)

ሉተር የሕግ ተማሪ ሳለ፣ በ1505 ዓ.ም. በመንገድ ላይ መብረቅ አጠገቡ ወደቀና ደንግጦ ለቅድስት ሐና ሊመነኵስ ተሳለ፤ አባቱንም አሳዝኖ በኤርፉርት ገዳም ገባ። በዚያም ጾመ፤ ሌሊት እየተነሣ ጸለየ፤ ኃጢአቱን ሲናዘዝ ብዙ ሰዓት ይቈይና ከወጣ በኋላ ደግሞ የረሳው ትዝ እያለው ይመለስ ነበር። ምን ያህል ቢሠራ እንደሚበቃ የሚነግረው አጣ። አለቃው ሽታውፒትስ ግን ራሱን መመርመር ትቶ ወደ ክርስቶስ ቍስል እንዲመለከት ይመክረው ነበር። ኋላም በዊተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስተምር፣ ሮሜ ምዕራፍ 1 ቍጥር 17ን ሌትና ቀን ሲያሰላስል፣ በዚያ የተነገረው ጽድቅ ኃጢአተኛው የሚቀጣበት ሳይሆን እግዚአብሔር ለሚያምን በነጻ የሚሰጠው መሆኑ ተገለጠለት። ይህንም ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው በ1545 ዓ.ም. ራሱ ጽፎታል።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። እኔ የምወደው ግን የቀጠለውን ነው። በ1527 ዓ.ም. ጽኑ ሕመም፣ ከሕመሙም የከፋ የነፍስ ጭንቀት ያዘው። ወዲያውም ከተማይቱን ቸነፈር ገባባት። ዩኒቨርሲቲው ወደ ዬና ሲሸሽ እርሱ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ቀረ፤ በሽተኞችንም በቤቱ አስጠጋ። በዚያ ሁሉ ልቡ አላረፈለትም፤ ወዳጆቹን ጸልዩልኝ እያለ ይማጠን ነበር። በውኑ ይህን ሰው እምነት የለውም የሚል ማን ነው? የታመነው በልቡ ጸጥታ ላይ አልነበረምና።

በ1542 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጁ መግደሌና ሞተችበት። ወደ ጌታዋ መሄድዋን አልተጠራጠረም። ነገር ግን ለወዳጁ ለዮናስ በላከው ደብዳቤ፣ እርሱና ሚስቱ ማመስገን ሲገባቸው ልቅሶው አላስችል እንዳላቸው ገልጦ፣ በእነርሱ ፈንታ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግንላቸው ለመነው።