ስለ ፍርሃትና ስለ ልብ ዕረፍት፤ የማር ይስሐቅ ዘነነዌ ታሪክና ትምህርት

በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈ የሶርያ ንጉሥ ሠራዊት ነቢዩ ኤልሳዕን ለመያዝ በሌሊት መጥቶ የዶታይንን ከተማ በፈረስና በሠረገላ ከበበ። የነቢዩ ሎሌ ማልዶ ተነሥቶ ቢወጣ ያን ሁሉ ሠራዊት አየና ልቡ ራደ። ነቢዩ ግን ስለ ሎሌው ዐይን ጸለየ፤ ዐይኑም በተከፈተ ጊዜ ተራራውን የእሳት ፈረስና ሠረገላ ሞልቶት አየ። በዚህ ታሪክ ልብ የሚባል ነገር አለ። ሎሌው ይህን ባየ ጊዜ የሶርያ ጭፍራ ገና ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ ከተማይቱም እንደ ተከበበች ነበረች። የተለወጠው የሎሌው ዐይን ነው። ፍርሃቱም የራቀው ጠላት ስለ ጐደለ ሳይሆን ቀድሞ ያልታየው ስለ ታየው ነው።

የጥንት አበው መነኮሳት ስለ ፍርሃት ያስተማሩት ትምህርት ከዚህ ታሪክ ጋራ ይስማማል። ይህንም ነገር አስፍተውና አጥልቀው ከጻፉት አንዱ ማር ይስሐቅ ነው። ማር ማለት በሱርስት ጌታዬ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ በስሙ ይጠራል። መጽሐፉን በጉባኤ የሰሙ ብዙዎች ሲሆኑ ጸሐፊው የኖረበትን ዘመን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ዘመኑን ሳያውቁ ትምህርቱን ያነበቡ እንደ ሆነ፣ ስለ ልብ ዕረፍት የተናገረው ሁሉ ችግር ያላየ ሰው ንግግር ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ የሚቈጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማር ይስሐቅ የኖረው በ7ኛው መቶ ዓመት ነው። ያ ዘመን ለምሥራቅ ምድር የሽብር ዘመን ነበረ። ከ602 እስከ 628 ዓ.ም. የሮምና የፋርስ መንግሥታት ሲዋጉ ቈዩ። በ614 ዓ.ም. የፋርስ ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ያዘ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ፓትርያርኩ ዘካርያስ ከብዙ ምእመናን ጋራ ተማረከ፤ ዕፀ መስቀሉም ወደ ፋርስ ተወሰደ። በዚያው ሰሞን በቄድሮን ሸለቆ ባለው በማር ሳባ ገዳም አርባ አራት መነኮሳት በወራሪዎች እጅ ተገደሉ። ንጉሥ ሕርቃል በ630 ዓ.ም. መስቀሉን ወደ ኢየሩሳሌም ቢመልስም ዕረፍቱ ዐሥር ዓመት አልሞላም፤ በ638 ዓ.ም. ገደማ ፓትርያርክ ሶፍሮንዮስ ከተማይቱን ለከሊፋ ዑመር አስረከበ። በ651 ዓ.ም. የመጨረሻው የፋርስ ንጉሥ ያዝድገርድ ተገደለና ከ400 ዓመት በላይ የቈየው የሳሳን ቤት መንግሥት አለፈ። ከ656 እስከ 661 ዓ.ም. ደግሞ ድል አድራጊዎቹ ዐረቦች እርስ በርሳቸው ተዋጉ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው፣ አይነቃነቁም ይባሉ ከነበሩት ከሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት አንዱ ሲጠፋ ሁለተኛውም ሲቈረስ በዕድሜው አየ ማለት ነው።

ይስሐቅ ትውልዱ ከቤት ቀጥራዬ ነው። ይህች አገር በፋርስ ሰላጤ ዳር ያለች፣ የዛሬይቱን ቀጠርንና በዙሪያዋ ያለውን የምሥራቅ ዐረብ ጠረፍ የምትይዝ ነበረች። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለእንጀራ ፍለጋ በሚኖሩበት በዚያ ጠረፍ፣ በዚያ ዘመን ኤጲስ ቆጶሳትና ገዳማት፣ መጻሕፍትን የሚተረጕሙ መምህራንም ነበሩ። በ661 ዓ.ም. ገደማ የተሾመውና እስከ 680 ዓ.ም. ገደማ የመራው ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ይስሐቅን በቤተ ዐቤ ገዳም የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ነነዌ በነቢዩ በዮናስ ታሪክ የታወቀች፣ ምእመናንም በጾመ ነነዌ በየዓመቱ የሚያስቧት ከተማ ናት። ዮናስ ወደ ነነዌ እንዳይሄድ አስቀድሞ ሸሸ፤ ይስሐቅ ግን ሄዶ አምስት ወር ብቻ ከቈየ በኋላ ሹመቱን ተወ። የተወበትን ምክንያት የሶርያ ጸሐፊዎች ገልጠው አልጻፉትም። በኋላ የተጻፈ አንድ ትረካ ግን እንዲህ ይላል፤ አበዳሪና ባለ ዕዳ ተካሰው ወደ እርሱ ቢቀርቡ፣ ወንጌል ስለ ይቅርታ የሚያዘውን ጠቅሶ አበዳሪውን ለመነው። አበዳሪውም ወንጌሉን ለጊዜው ወዲያ አድርግልኝ ብሎ መለሰለት። ይስሐቅም ወንጌል ከማይሰማበት ስፍራ የእርሱ መኖር ምን እንደሚጠቅም አስቦ ሄደ ይባላል።

ከዚያ በኋላ በቤት ሁዛዬ ባለው በማቱት ተራራ ከባሕታውያን ጋራ ተቀመጠ፤ ኋላም ወደ ራባን ሻቡር ገዳም ገባ። የሶርያ ገድሉ እንደሚናገር ምግቡ በሳምንት ሦስት እንጀራና ጥቂት አትክልት ነበረ፤ በእሳት የበሰለም አይቀምስም ነበር። ከንባብ ብዛት የተነሣ ዐይኑ ጠፋ። ደቀ መዛሙርቱም እርሱ እየተናገረ እነርሱ ይጽፉለት ነበር፤ ስለዚህም በእስክንድርያው ዕውር መምህር በዲዲሞስ መስለው ካልዕ ዲዲሞስ አሉት። ስለ ውስጥ ዐይን ብዙ የተናገረው መምህር የሥጋ ዐይኑን ያጣ መሆኑ ልብ ይባል።

ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው። ሰው የሚፈራው ሊፈራው የሚገባ ነገር በዓለም ስላለ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቅበት መንገድም ፍርሃትን ይወልዳል። ይስሐቅ ዕውቀትንና እምነትን ለይቶ ያያቸዋል። ዕውቀት የፍጥረትን ወሰን ይጠብቃል፤ እሳት እንደሚያቃጥል፣ ውኃ እንደሚያሰጥም ያውቃልና በሚያውቀው መጠን ይጠነቀቃል። በተጠነቀቀ ቍጥርም ስጋቱ ይበዛል፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉን አስቀድሞ ሊያውቅ፣ ሁሉንም ሊከለክል አይቻለውም። እምነት ግን የፍጥረትን ወሰን የወሰነውን ጌታ ስለሚያይ ከወሰኑ በላይ ይሄዳል። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ ቆሙ። ጴጥሮስም በባሕረ ገሊላ ላይ ዐይኑን ወደ ጌታው ባደረገ ጊዜ ሄደ፤ ዐይኑን ወደ ነፋሱ በመለሰ ጊዜ ግን መስጠም ጀመረ። ማዕበሉ አስቀድሞም የነበረ ነው፤ የተለወጠው የጴጥሮስ አመለካከት ነበረ።

ይሁን እንጂ ይስሐቅ ዕውቀትን አይነቅፍም። ዕውቀትን በሦስት ማዕርግ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ለሥጋ ብቻ የሚያስብ፣ ሀብትንና ክብርን፣ መከላከያንና ብልሃትን የሚሻ ነው፤ ይህ ከፍርሃትና ከኀዘን፣ ከጭንቀትም አይለይም። ሁለተኛው ወደ ነፍስ የሚመለከት፣ በጾምና በጸሎት፣ በምጽዋትና በንባብ የሚታነጽ ነው። ሦስተኛው ከምድራዊ ነገር ነጻ ወጥቶ መንፈሳዊውን የሚመለከት ነው፤ በዚህ ጊዜ ዕውቀት በእምነት ይዋጣል። ስለዚህ ዕውቀት ወደ እምነት የሚወጣበት መሰላል ነው። መሰላሉን የሚሰብር ሰው አይወጣም፤ በመሰላሉ ላይ ቆሞ የሚቀርም እንደዚሁ አይደርስም።

ይህ ትምህርት ለሰነፍ ምክንያት እንዳይሆን መምህሩ አጥር አበጅቶለታል። እውነተኛ ተስፋ አለ፤ ሐሰተኛ ተስፋም አለ። ዕድሜውን ሁሉ ለምድራዊ ነገር አሳልፎ፣ ስለ ጽድቅ አንድ ቀን እንኳ ሳይደክም፣ መከራ በደረሰበት ጊዜ በእግዚአብሔር ታምኛለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ገበሬ ሳይዘራ አያጭድም። ፍርሃተ እግዚአብሔርም ከሚወገደው ፍርሃት ጋራ አይቈጠርም። ይስሐቅ ንስሓን በመርከብ፣ ፍርሃተ እግዚአብሔርን በመርከብ መሪ፣ ፍቅርን በወደብ መስሎ አስተምሯል፤ መርከብ ያለ መሪ ወደ ወደብ አይደርስምና።

ይህን ሁሉ ይስሐቅ ከራሱ አልጀመረውም። በ356 ዓ.ም. ያረፈው፣ በዓሉም ጥር 22 ቀን የሚከበረው አባ እንጦንስ በበረሓ መቃብር ውስጥ ተዘግቶ ሳለ አጋንንት በአንበሳና በእባብ፣ በተኵላና በጊንጥ አምሳል እንደ መጡበት ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፏል። እንጦንስም ከዚህ ሁሉ በኋላ ያስተማረው፣ አጋንንት ሲመጡ ልባችንን እንዳገኙት ሆነው እንደሚታዩ ነው። ልብ ደንግጦ ያገኙት እንደ ሆነ ድንጋጤውን ያባዙታል፤ በእግዚአብሔር ደስ ብሎት ያገኙት እንደ ሆነ አፍረው ይመለሳሉ። በ399 ዓ.ም. በግብፅ በረሓ ያረፈው ኤዋግርዮስም ስለ ክፉ ሐሳብ አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ መነኮሳት ሐሳባቸውን እንዲመረምሩ አስተማረ፤ መጻሕፍቱም ወደ ሱርስት ተተርጕመው ስለ ነበር ይስሐቅ እንደ መምህር ተከተለው።

ፍርሃት በራቀበት ልብ ምን ይገባል? ይስሐቅ ምሕረት ይገባል ይላል። የሚራራ ልብ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአራዊትና ለአዕዋፍ፣ ለሚሳቡትም፣ ለእውነት ጠላቶችና ለአጋንንት ሳይቀር በእንባ እስኪጸልይ ድረስ ይቃጠላል። ትሑት ሰው ወደ አራዊት የቀረበ እንደ ሆነ አራዊቱ ከውድቀት በፊት የነበረውን የአዳምን መዓዛ ከእርሱ አሽትተው ይገዙለታል። ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ምእመናን እንግዳ አይደለም። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋራ፣ አባ ሳሙኤል ዘዋልድባም በአንበሳ ላይ ተቀምጦ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥለው ይታያሉ። ሥዕሉን የሚያይ ሰው የተአምር ምልክት ብቻ መስሎት እንዳያልፍ፣ የማር ይስሐቅ ትምህርት ትርጓሜውን ይሰጠዋል፤ ከራሱ ጋራ የታረቀን ሰው ፍጥረት ይታረቀዋል።

መጽሐፉ ከነነዌ ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። ይስሐቅ የነበረባት የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት ትምህርት ከእስክንድርያና ከኢትዮጵያ የተለየች ነበረች። የዛሬ ሊቃውንት እንደ መረመሩት አረጋዊ መንፈሳዊ የተባለው መጽሐፍ የ8ኛው መቶ ዓመቱ የዮሐንስ ሳባ ነው፤ ፊልክስዩስ የተባለውም እንደ ይስሐቅ ከቤት ቀጥራዬ የተገኘው ዳዲሾ የአበውን ነገር የተረጐመበት ነው። ሦስቱም ከዚያችው ቤተ ክርስቲያን የወጡ ናቸው። እነዚህ መጻሕፍት ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሰው፣ በአማርኛ አንድምታ ተተርጕመው፣ ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ጋራ አራተኛ ጉባኤ ሆነው ቆሙ። አበው ስለ ጸሎትና ስለ ትሕትና የተነገረውን እውነት ባገኙበት ስፍራ ሳይፈሩ መርምረው ተቀበሉ፤ ሃይማኖታቸውን ግን አልለወጡም። ከሱርስቱ ድርሳናትም ጠፍቶ የነበረውን ሁለተኛውን ክፍል ሴባስትያን ብሮክ የተባለ ሊቅ በ1983 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት አግኝቶ ከፊሉን በ1995 ዓ.ም. አሳትሞታል።

መጽሐፉ ወደ ጽርዕ የተተረጐመው በማር ሳባ ገዳም ነው። ተርጓሚዎቹ ጳጥሪቅዮስና አብራምዮስ የተባሉ የገዳሙ መነኮሳት ሲሆኑ፣ ዘመኑም 8ኛው መቶ ዓመት አልፎ 9ኛው የሚገባበት ነበረ። ከቤተ ልሔም በስተ ምሥራቅ ወደ ምድረ በዳው የሚወርድ ተሳላሚ ገዳሙን በገደሉ ላይ ተጣብቆ እስከ ዛሬ ያየዋል። በ797 ዓ.ም. ገደማ ወራሪዎች ያን ገዳም በዘበዙት፤ ሃያ የሚሆኑ መነኮሳትም ሞቱ፤ የሚበዙት በዋሻ ውስጥ በጢስ ታፍነው ነበር። የተረፉት ገዳሙን ባዶ አልተዉትም። ስለ ልብ ዕረፍት የሚናገረው መጽሐፍ በእነዚህ ሰዎች መካከል ተነበበ፤ በእነርሱም ቋንቋ ተጻፈ።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አመለካከትን መለወጥ ሰይፍን ካልመለሰ፣ ጢሱንም ካላጠፋ፣ ምን ይጠቅማል? መልሱ ከታሪኩ ይገኛል። የማር ሳባ መነኮሳት ስለ አላዩ አልነበረም ያልሸሹት፤ 614 ዓ.ም. ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። የልብ ዕረፍት አደጋ እንዳይደርስ የሚከለክል ክታብ አይደለም። አደጋ ሳይደርስ ሰው አስቀድሞ እንዳይሞት፣ በደረሰም ጊዜ ወንድሙን አሳልፎ እንዳይሰጥ፣ ካለፈም በኋላ በቂም እንዳይታሰር የሚጠብቅ ነው። የሚፈራ ሰው ጎረቤቱን እንደ ጠላት ያያል፤ ከዚያም ጠላት ያደርገዋል። ልቡ ያረፈ ሰው ግን ጠላቱን እንኳ የሚታዘንለት ፍጥረት አድርጎ ያየዋል፤ እጁም ለምሕረት ነጻ ይሆናል።

ስለዚህ አበው ለተሳላሚም ለካህንም የሚሰጡት ምክር ቀላል ነው። የሚያስፈራ ወሬ በተሰማ ጊዜ ከወሬው አስቀድሞ ልብን መመርመር፤ የሚቻለውን ሥራ ሳይታክቱ መሥራት፤ የማይቻለውን ለፈጣሪ መተው፤ ስለሚፈሩትም ሰው በስሙ መጸለይ። ዓለም በ7ኛው መቶ ዓመት የሚያስፈራ ነበረ፤ ዛሬም ከሚያስፈራ ነገር ባዶ አይደለም። የዶታይን ተራራ ግን ያን ጊዜም በእሳት ሠረገላ የተሞላ ነበረ፤ የጐደለው የሚያይ ዐይን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።