ሽጉጥና ስሙ፦ ከእይታ ስለተሰወረ ትጥቅ የቃላት ታሪክና የአተረጓጎም ጥያቄ

በአንድ እጅ የሚተኮሰውን አጭር መሣሪያ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ሲሰይሙ እያንዳንዳቸው ከአንድ ገጽታው ተነሥተዋል። የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠቀሙበትን «ፒስቶል» የሚለውን ቃል አብዛኞቹ የሥርወ ቃል ሊቃውንት የሚያያይዙት ከቼክ ቋንቋ «ፒሽታላ» ጋር ነው። ትርጉሙ ዋሽንት ወይም ቧንቧ ሲሆን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት የሁስ ተከታዮች ባደረጉት ጦርነት ለአጭር መሣሪያ መጠሪያ ሆኖ እንደነበረ ይታወቃል። ቃሉ የመጣው ፒስቶያ ከተባለው የኢጣልያ ከተማ ነው የሚሉም አሉ፤ ይህኛው አስተያየት ግን ደጋፊው ጥቂት ነው። ሳሙኤል ኮልት በ1836 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ «ሪቮልቨር» የተባለው ጥይት የሚይዘው ከበሮ ስለሚሽከረከር ነው። ዐረቦች ደግሞ የጥይቱን ቁጥር ቆጥረው «ሙሰደስ»፣ ማለት ባለ ስድስት፣ አሉት፤ ዛሬ አሥራ አምስት ጥይት የሚጎርሰውም በዚያው ስም ይጠራል። ዘመናዊው ዕብራይስጥ በትንቢተ ኢሳይያስ 54፥12 የከበረ ድንጋይ ስም የነበረውን «ኤቅዳሕ» አንሥቶ ለዚህ መሣሪያ አውሎታል፤ የቃሉ ሥር መቀጣጠልንም መቦርቦርንም ስለሚያመለክት ለአዲሱ ሥራው የማይመች አልሆነም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አማርኛ የተነሣው ከቅርጹም፣ ከእንቅስቃሴውም፣ ከቁጥሩም አይደለም። «ሽጉጥ» የወጣው «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ ነው። ሸጎጠ ማለት በጠባብ ቦታ፣ በሁለት ነገር መካከል ወተፍ አድርጎ አስገባ፣ ከዐይን ዞር አደረገ ማለት ነው፤ ገንዘብ በመቀነት ይሸጎጣል፣ ደብዳቤ በብብት ይሸጎጣል፣ አበባ በጠጉር መካከል ይሸጎጣል፣ ሰውም ከጥግ ይሸጎጣል። ስለዚህ ሽጉጥ በቅርጸ ቃሉ «የተሸጎጠ ነገር» ነው። ከላይ ከዘረዘርናቸው ስሞች መካከል መሣሪያውን ባለቤቱ በሚይዝበት አኳኋን የጠራው አማርኛ ብቻ ነው።

ይህ ስም ለምን አስፈለገ? እንደኛ አስተያየት ምክንያቱ «ጠመንጃ» በሚለው ቃል ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ጠመንጃ ከቱርክኛው «ታባንጃ» እና ከዐረብኛው «ጠበንጃ» ጋር አንድ መሆኑን የቋንቋ ተመራማሪዎች ያመለክታሉ፤ «በ» ከ«ነ» ጎረቤትነት የተነሣ ወደ «መ» መለወጡ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚገርመው ግን ቃሉ በነዚያ ሁለት ቋንቋዎች የሚያመለክተው አጭሩን መሣሪያ፣ ማለት ሽጉጥን መሆኑ ነው። አማርኛ ቃሉን ወስዶ ለረጅሙ መሣሪያ ሰጠው፤ አጭሩ ስም አልባ ሆነና ከአገር ቃል ተሰየመ። ከዚያ በኋላ የመጡት ረጃጅም መሣሪያዎች ከነስማቸው እየገቡ እንደየአፋችን ተገርተዋል፤ ከፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» ውጅግራ፣ ከ«ሚትራየዝ» መትረየስ ተገኝተዋል። የአጭሩ መሣሪያ ዓይነቶች በየፋብሪካቸው ስም፣ ኮልት፣ ብራውኒንግ፣ ማካሮቭ እየተባሉ ቢለዩም የወል ስማቸው ሽጉጥ እንደሆነ ቀረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868 በመቅደላ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ሽጉጥ መሆኑን የሚተርክ ሁሉ በዚህ ቃል ይጠቀማል፤ ያ መሣሪያ ለክብር የተበረከተ እንጂ የሚሸጎጥ አልነበረም። ቃሉ ከሥሩ እየራቀ መምጣቱ ከዚህ ይታያል። ዛሬ «ሽጉጡን በግልጽ አንጠልጥሎ» ስንል ማንም ተቃርኖ አይታየውም።

ነገሩ ለተርጓሚ ችግር የሚሆነው ግን እዚህ ላይ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ሽጉጥን በልብስ ሸፍኖ ይዞ መሄድ ራሱን የቻለ የሕግ ጉዳይ ከሆነ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 ይህን የሚከለክሉ የመጀመሪያዎቹን ሕጎች አወጡ፤ የኬንታኪው በ1822 በፍርድ ቤት ተሻረ። በ1987 ፍሎሪዳ በሕግ የተቀመጠውን መመዘኛ ላሟላ ሁሉ ፈቃድ እንዲሰጥ ደነገገች፤ ሌሎችም ተከተሏት። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብሩን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ አመልካቹ የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ያስገድድ የነበረውን የኒው ዮርክ ሕግ ሻረው። እነዚህ ሕጎች የአማርኛ ተናጋሪውንም ይመለከታሉ፤ በዋሺንግተን ከተማና በአዋሳኞቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉና። በዋሺንግተን በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን ወደ አማርኛም ጭምር እንዲያስተረጉሙ አድርጓል። እንግዲህ አስተርጓሚ በፍርድ ቤት ቆሞ፣ ተርጓሚም ቅጽ ይዞ ተቀምጦ «ሽጉጥ የያዘ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

«ያዘ» የሚለው ግሣችን ሰፊ ነው። «ሰውየው ሽጉጥ ይዞ ነበር» ብንል መሣሪያው በእጁ ነበረ፣ በወገቡ ነበረ፣ ወይም በቤቱ በንብረትነት ነበረ ማለት ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው እነዚህን በሦስት ግሦች ይለያቸዋል፤ ቅጣታቸውም የተለያየ ነው። ምስክሩ «ይዞ አየሁት» ያለውን አስተርጓሚው «በእጁ ጨብጦ» ብሎ ቢያስተላልፈው ተከሳሹን መሣሪያ መዞ ያስፈራራ ያደርገዋል። ይህ የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚታሰርበትና የሚፈታበት ነው። ስለዚህ «ያዘ» ብቻውን እንዲቆም ባይደረግ ይመረጣል። በንብረትነት ለሚገኘው «በይዞታው ያለ»፣ በሰውነት ላይ ላለው «ታጥቆ»፣ በእጅ ላለው «ጨብጦ»፣ ከወገብ ላወጣው «መዞ»፣ ወደ ሰው ላነጣጠረው «ደግኖ» የሚሉት ቃላት ሁሉ አሉን፤ አንዱንም መፍጠር አያስፈልግም። ምስክሩ ራሱ በ«ያዘ» ካለፈው ደግሞ አስተርጓሚው በግምት ከመሙላት ይልቅ ዳኛውን አስፈቅዶ ቢጠይቅ ይሻላል።

ከነዚህ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው «ታጠቀ» ነው። ትጥቅ በመጀመሪያ ወገብ የሚታሰርበት ድግ ወይም መቀነት ነው፤ ጥይት የሚደረደርበት ዝናርም በወገብ ስለሚታሰር መታጠቅና መሣሪያ መያዝ አንድ ሆኑ። የሜሪላንድ ሕግ ፈቃዱን የሚሰይመው ልብስን «መልበስ» ለማለት በሚውለው ግሥ ነው፤ የኬንታኪውም የ1813 ሕግ የኪስ ሽጉጥን ሲከለክል በዚሁ ግሥ ተጠቅሞ ነበር። ይህን ግሥ ብዙ ተርጓሚዎች ግራ ተጋብተው ሲዘልሉት ይታያል፤ ሽጉጥ እንደ ልብስ አይለበስምና። አማርኛ ግን ቀድሞውኑ «ታጠቀ» ብሎ መሣሪያውን ከወገብ ጋር አስሮታል። እንዲህ ያለ የተዘጋጀ አቻ በየጊዜው አይገኝም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቅጽል እንምጣ። መሣሪያው ከእይታ መሸፈኑን በምን እንግለጸው? ሥርወ ቃሉን ብንከተል «የተሸጎጠ ሽጉጥ» እንላለን፤ ይህ ግን የተሸጎጠ የተሸጎጠ ማለት ስለሆነ ለጆሮም ይከብዳል። «ምስጢራዊ» የሚለው ጨርሶ አይሆንም፤ ፈቃዱ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈ ነውና። «ድብቅ» የሚለውን ብዙዎች ይመርጡታል፤ እኛ አንደግፈውም። «የተደበቀ መሣሪያ» ሲባል አማርኛ ሰሚ የሚያስበው በጣራ ሥር ወይም በጉድጓድ የተቀበረውን፣ ከሕግ የሸሸውን ነው። በቨርጂኒያ የሚታገደው ያለፈቃድ መሸፈኑ ስለሆነ የጥፋተኝነቱ ቃና ብዙም ላይጎዳ ይችላል። በዋሺንግተን ከተማ ግን ፈቃድ የተሰጠው ሰው ሽጉጡን እንዳይታይ የማድረግ ግዴታ አለበት። እዚያ «መደበቅ» ብለን ብንተረጉም ሕጉ ሰውየውን እንዲያጠፋ የሚያዝዘው ይመስላል። እንግዲህ የሚፈለገው ነቀፋ የሌለበት ቃል ነው።

«በልብስ ሥር» የሚለው አገላለጽ ነቀፋ የለበትም፣ ማንም ይረዳዋል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ የሚለው በሰውነቱ ዙሪያ ሆኖ ከተራ ተመልካች ዐይን የተሰወረ መሣሪያ ስለሆነ ነገሩ በልብስ ብቻ አይወሰንም። በመሆኑም ለሕግ ጽሑፍ «ከእይታ የተሰወረ ትጥቅ»፣ ለርእስና ለማውጫ «ስውር ትጥቅ» የሚለው ቢወሰድ ይበጃል እንላለን። ተቃራኒው «ግልጽ ትጥቅ» ይሆናል።

እነዚህን መሣሪያዎች የሚገዛው ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ደግሞ ሌላ የቃላት ክምችት ይጠይቃል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ከሌላው የሚለየው በየዕለቱ የሚታጠቁት በመሆኑ ነው፤ ክብደቱ፣ ስፋቱና ርዝመቱ የሚመረጡት በዚህ መለኪያ ነው። ሄንሪ ዴሪንጀር በፊላዴልፊያ ይሠራው የነበረው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ትንሽ የኪስ ሽጉጥ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1865 የተገደሉት በዚሁ ነው፤ የሠሪውም ስም በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ተጨምሮበት የወል ስም ሆነ። ኮልት በ1927 ለመርማሪዎች ብሎ ስድስት ጥይት የሚይዝ አጭር ሪቮልቨር አወጣ። ስሚዝ እና ዌሰን በ1950 አንድ ጥይት ቀንሶ ከበሮውን አሳነሰው፤ አምስት ጥይት ብቻ መያዙ ከበሮውን ቀጭን ስላደረገው ከልብስ ሥር ጎልቶ አይታይም። ዚግ ዛወር በ2018 ያወጣውን ባለ አሥር ጥይት ትንሽ ሽጉጥ በቁጥር 365 የሰየመው በዓመቱ ቀን ሁሉ የሚታጠቁት ነው ለማለት ነው። ይህን «የዕለት ተዕለት» ከማለት አማርኛችን የተሻለ አለው። ልብሳችንን የክትና የዘወትር ብለን ስለምንለይ «የዘወትር ሽጉጥ» ብንል አንባቢው ሐሳቡን ወዲያው ያገኘዋል፤ ትልቁና ያጌጠው የክት፣ ቀላሉና ቀጭኑ የዘወትር ነው።

በቁጥር ላይ ተርጓሚ ሊጠነቀቅ ይገባል። የአፈሙዝ ስፋት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚጠራበት ቃል መነሻው የዐረብኛው «ቃሊብ»፣ ማለት የመቅረጫ ቅርጽ ነው፤ ሆኖም ከስሙ ጋር የሚጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ልኬት አይደለም። 38 ስፔሻል የሚባለው ጥይት ወርዱ 0.357 ኢንች፣ 9 ሚሊሜትር ግድም ነው። ቁጥሩን ልኬት ነው ብሎ ወደ 9.65 ሚሊሜትር የሚመልስ ሰው የሌለ ጥይት ፈጠረ ማለት ነው። የማካሮቭ 9 ሚሊሜትርም ከጀርመኑ ፓራቤሉም 9 ሚሊሜትር ጋር አይለዋወጥም፤ ቀለሁ አጭር፣ እርሳሱም ትንሽ ሰፋ ያለ ነው። እንዲህ ያሉት ቁጥሮች የተጸውዖ ስም ናቸውና እንዳሉ ይተላለፉ።

ጥይት የሚጠራቀምበትን ክፍል ሕዝባችን «ካዝና» ይለዋል፤ አንዳንዶች ባዕድ ነው በማለት «የጥይት ማኅደር» ሊሉት ይፈልጋሉ። ይህ ድካም ከንቱ ነው። የአውሮፓውያኑ «ማጋዚን» ራሱ ከዐረብኛው «መኻዚን» የመጣ ሲሆን የካዝናም ሥር ያው «ኀዘነ»፣ አከማቸ፣ የሚለው ነው፤ ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

በአንድ ነገር ደግሞ አማርኛ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። እንግሊዝኛ መሣሪያው «ተሞልቷል» ሲል ካዝናው ጥይት አለው፣ ወይም ጥይቱ ለመተኮስ አፈሙዙ ሥር ገብቷል የሚለውን ለይቶ አያሳይም። እኛ ግን ካዝናው «ሞልቷል»፣ ሽጉጡ «ጎርሷል»፣ ባለቤቱ «አቀባብሏል» እንላለን። ሽጉጥን በወገቡ ለሚታጠቅ ሰው በሞላና በጎረሰ መካከል ያለው ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ዋናው ጽሑፍ የትኛውን እንደሚል ከአገባቡ ሳያጣራ አንዱን ግሥ መምረጥ የለበትም።

የሚቀረው የማስቀመጫው ስም ነው። «አፎት» እና «ሰገባ» ሁለቱም ከሰይፍና ከጩቤ ወደ ሽጉጥ ሊሸጋገሩ ይችላሉ። አፎት ከሰይፍ ጋር ስለተቆራኘ በሥነ ጽሑፍ ቃናው ከፍ ይላል፤ ሰገባ ለዕቃው መመሪያ ይስማማል። በመመሪያ ውስጥ «ቃታውን የሚሸፍን ሰገባ» ማለት በቂ ነው፤ ቃታው ካልተሸፈነ ልብስ ወይም ቁልፍ ገብቶ ሊስበው ስለሚችል መመሪያዎች ሁሉ በዚህ ነጥብ ላይ አጥብቀው ይናገራሉ፣ ተርጓሚውም ይህን ሐረግ ሊያሳጥረው አይገባም።