ሁነይ የጠበቀው መስክና የአርባ ምንጭ ጫካ



በቀይ ባሕር ዳርቻ ማንግሮቭ የሚባል፣ ሥሩን በጨው ውሃ ውስጥ ተክሎ የሚያድግ ዛፍ አለ። ዓሣ በሥሩ ይጠለላል፤ ግመል ቅጠሉን ይበላል። እኛ ባሕር የለንም። ለአርባ ምንጭ ሰው ግን በከተማውና በጫሞ ሐይቅ መካከል ያለው ጫካ እንደዚያ ነው። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከገደሉ ሥር ይፈልቃሉ፤ ሕዝቡም ጫካውም ከእነርሱ ይጠጣል። ትላልቆቹ ሾላዎች ዝናብ ሳይጠብቁ ውሃውን ከመሬት ውስጥ ይስባሉ። የቁልፎ ወንዝም በዚሁ አልፎ ወደ ጫሞ ይገባል። ቆሮሶ የሚራባው በሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውሃ ስለሆነ የዳሩ መራቆት የዓሣ አጥማጁንም ጓዳ ይነካል።

ጫካው እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የፓርኩን አስተዳደር ለአፍሪካን ፓርክስ ድርጅት ለመስጠት ስምምነት ተደረገ። በዚያው ዓመት የኮሬ ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ የጉጂ ቤቶችም ተቃጠሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ለቆ ሄደ። እንጨት ለቃሚዎቹ ግን አልቀሩም።

ይህን ሳስብ የሚታወሰኝ የ«ሒማ» ታሪክ ነው። ከእስልምና በፊት የዐረብ ጎሳ አለቃ ውሻውን ከፍ ካለ ቦታ ያስጮህና ድምፁ እስከደረሰበት ያለውን ግጦሽ ለራሱ ይከልል እንደነበር ዑለማዎች ጽፈዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሻሩት፤ የተከለለ መስክ ለሕዝብ ጥቅም እንጂ ለባለሥልጣን ድሎት እንዳይሆን አደረጉ። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን ረበዛን ሲከልሉ ሁነይ የተባለ አገልጋያቸውን ጠባቂ ሾሙ። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ የተበዳይን ዱዓ እንዲፈራ አስጠነቀቁት፤ ጥቂት ግመልና በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የኢብን ዐውፍንና የኢብን ዐፋንን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘዙት። ሁለቱ ታላላቅ ሶሓቦች መሆናቸውን ልብ በሉ! ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የሀብታሞቹ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን አስከትሎ ኸሊፋው ደጅ ይቆማል። ያን ጊዜ ወርቅና ብር ከመስጠት አሁን ሣርና ውሃ መስጠት ይቀላል አሉ።

መከለሉ ቀርቶ አያውቅም፤ የተለየው በር ላይ ማን እንደሚገባ ነው። በአርባ ምንጭ ሸክም ይዛ የምትያዘው ሴት ናት፤ እንጨቱን የምንገዛው እኛ ቤታችን ተቀምጠናል። ለወሊማ የሚነደው ግንድ ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል? እኔም አልጠየቅሁም። ጫካው ካለቀ ምንጩም ያሰጋል፤ ሴትዮዋ ብቻ ከተከለከለች ደግሞ ማታ የምትመጣው ወደ መስጊዳችን በር ነው። ስለዚህ ከዘንድሮው ዘካ ላይ ለነዚህ እናቶች የንግድ መነሻ መስጠትን ከየመስጊዱ ኮሚቴ ጋር ከረመዳን በፊት እንነጋገርበት።