የታዳጊ ወጣቶች የሕይወት እርካታና የጤና ልማድ ጥናት

የሕይወት እርካታ ጥናት ታዳጊ ወጣቶች ስለ ኑሯቸው የሚሰጡትን ግምት ከአመጋገብ፣ ከእንቅልፍ፣ ከአካል እንቅስቃሴና ከመጠጥ ልማዳቸው ጋር አያይዞ ይመረምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ታዳጊ የሚላቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ነው። ተጠያቂው ከ0 እስከ 10 ደረጃ ባለው መሰላል ላይ ኑሮውን የሚያስቀምጥበትን ያመለክታል። መሰላሉን ያስተዋወቁት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሃድሊ ካንትሪል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚሞላ መጠይቅ ግን ትምህርት ቤት የሌሉትን አያገኝም። በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ከብት የሚጠብቁ ወንዶች ልጆችና ያለዕድሜያቸው የተዳሩ ልጃገረዶች ከናሙናው ውጭ ይቀራሉ። ከገጠር ስንቅ እያመጡ በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩትም ቢጠየቁ፣ ከወላጅ ርቀው የሚኖሩ በመሆናቸው ኑሯቸው ለብቻው መታየት ይኖርበታል።

ለዚህም የቤት ለቤት ምዝገባ አማራጭ ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1996 በዳባት ወረዳ ያቋቋመው የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ቆይቷል። ናሙናው ከእንዲህ ያለ መዝገብ ሲወሰድ እረኛውም፣ ሙሽራዋም፣ ተማሪውም ስለ ሕይወታቸው በራሳቸው አንደበት የመጠየቅ እኩል ዕድል ያገኛሉ።