አልፈታ ያለ ብሎን፦ የመኪና ጥገና እንደ ታሪክ ምንጭ



ዛሬ የምናገረው ዝጎ አልፈታ ስላለ ብሎን ነው። ርእሱ ለታሪክ ጉባኤ ጠባብ ሊመስል ይችላል። ይሁንና የአገራችንን የመኪና ታሪክ ስናነብ ዘወትር የምናገኘው የመምጣቱን ወሬ ነው፤ ማን አመጣው፣ ማን ነዳው፣ በየት በኩል ገባ። ከመጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ማን በአገልግሎት ላይ አቆየው የሚለውን ግን እምብዛም አንጠይቅም። እኔ የምከራከረው የኢትዮጵያ የመኪና ታሪክ በዋናው የጥገና ታሪክ ነው ብዬ ነው። ማስረጃውም በአብዛኛው ያልተጻፈ ሲሆን በባለሙያዎች እጅና አንደበት ተጠብቆ ይገኛል።

የመምጣቱን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ መኪናውን ይዞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1907፣ ስቬን ዊንግኩዊስት የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ በዬተቦሪ ከተማ ኤስ.ኬ.ኤፍ. የተባለውን የኩሽኔታ ኩባንያ መሠረተ። ሰውየው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ፋብሪካው የቆመበት የሸክላ አፈር እየተንቀሳቀሰ ዘንጎቹን ስለሚያዛባና ኩሽኔታዎቹን ስለሚሰብር መፍትሔ ፍለጋ ተነሣ። ኩሽኔታን ዛሬ የምናውቀው ዕቃ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ፣ እንግዲህ፣ ከጥገና ችግር የተወለደ ነው።

የእኛ ጋራዥ ታሪኩን ከሁሉ አስቀድሞ ያኖረው በቃላቱ ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም የጣሊያንኛ ዝርያ አላቸው። ኩሽኔታ በጣሊያንኛ ትርጉሙ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ መንገድና የጭነት መኪና ይዞ ሲመጣ ቃላቱም አብረው ገቡ፤ ከነጻነት በኋላ በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮችም ሙያውን ከቃሉ ጋር ለረዳቶቻቸው አስተላለፉ። ይህ ቅርስ ሥርዓት ሲለወጥ እንኳ አልተቋረጠም። በደርግ ዘመን የተስፋፋችው ላዳ የሶቪየት መኪና ብትሆንም በመሠረቱ የፊያት 124 ንድፍ ልጅ ነበረች። የኢትዮጵያ መካኒክም የሞስኮን መኪና በሮም ቃላት እየጠራ አደሳት። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ አሮጌውን ዕቃ ሳይሰብሩ መፍታት የኑሮ ግዴታ ሆነ፤ የተሰበረው ብሎን በነጋታው አይገኝምና።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ አገር የሚገባው መኪና አብዛኛው ያገለገለ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። የሁለቱን እርምጃዎች ጥቅምና ጉዳት ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች እተወዋለሁ። ለጥገና ታሪክ ግን ውጤታቸው ግልጽ ነው፤ በእጃችን ያለው መኪና ከታሰበለት ዕድሜ በላይ እንዲኖር ይጠበቃል። ዕድሜ በጨመረ ቁጥርም ዝገት ይጨምራል።

ይህን በቅርብ ለማየት በከምባታዋ አዲሎ ከተማ፣ በመንገድ ዳር በምትገኝ አንዲት ጋራዥ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ሲቀየር ከጧት እስከ ቀትር ተቀምጬ ተመለከትሁ። መኪናዋ እኛ ቪትዝ የምንላት ያሪስ ነበረች። በቀድሞዎቹ መኪኖች ኩሽኔታ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ ይመለስ ነበር። በእንዲህ ያለችው መኪና ግን የኋላው ኩሽኔታ የታሸገ አንድ ወጥ ዕቃ ሆኖ ከአክስሉ ጋር በአራት ብሎኖች ይታሰራል። ሥራው ቀለለ፤ ዋናው ችግር ግን ከኩሽኔታው ወደ ብሎኖቹ ተዛወረ። እነዚያ ብሎኖች ለዓመታት ጭቃና ውሃ ሲጠጡ ይኖራሉ። መኪናዋ አስቀድማ በአውሮፓ የነዳች ከሆነ ደግሞ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ዝገቱን ያፋጥነዋል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል አብጦ ብሎኑን ይቆልፈዋል።

ከአራቱ ሦስቱ ተፈቱ፤ አራተኛው እንቢ አለ። ረዳቱ የመፍቻውን እጀታ በቧንቧ ሊያስረዝም ፈልጎ «ጋሼ፣ በቧንቧ ልጫነው?» ሲል ጠየቀ። «ቆይ ልጄ፤ ከተቆረጠ ሌላ ቀን ይበላናል» አሉት ባለሙያው። ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት ነበረውና።

በመጀመሪያ የሚታየውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ናፍጣና ዘይት ቀላቅለው አፈሰሱበት፤ ፈሳሹ በጠባቡ ስንጥቅ እንዲሰርግም ጊዜ ሰጡት። ቀጥለው የብሎኑን ራስ በመዶሻ ደጋግመው መቱ፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። የብሎኑን ራስ በስድስቱም ገጽ የሚይዝ መፍቻ መርጠው፣ ከመፍታት በፊት በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ገፉት። ይህ ሁሉ አልበቃ ሲል ናፍጣውን ጠርገው አደረቁ፣ የፍሬኑን ቱቦ ከእሳቱ አራቁ፣ ከዚያም በብሎኑ ዙሪያ ያለውን ብረት በእሳት አሞቁ፤ ዙሪያው ሲሰፋ የዝገቱ እስር ይላላልና። ብሎኑ እየጮኸ ተፈታ። ራሱ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ በቀሪው ጉቶ ላይ ዳዶ በይደው እንደሚያወጡት ነገሩኝ። አዲሱን ኩሽኔታ በመዶሻ አልነኩትም፤ በአዲስ ብሎኖች ዙሪያውን እኩል እያጠበቁ አሰሩት።

በዚህ ግማሽ ቀን ውስጥ የቁስ አካል ሳይንስ፣ የንግድ ታሪክና የግብር ፖሊሲ ተገናኝተዋል። ባለሙያው ግን ዕውቀታቸውን ከማንም መጽሐፍ አላገኙትም፤ በሆሳዕና ከአለቃቸው ተማሩት፣ አለቃቸውም ከሌላ አለቃ። እንዲህ ያለው ሰንሰለት አንድ ቀለበት ከጎደለው ይበጠሳል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱም ጉዳዩን አይዘጋውም። የኤሌክትሪክ መኪናም በጎማ ይሄዳል፣ ጎማውም በኩሽኔታ ይዞራል፣ ኩሽኔታውም በብሎን ይታሰራል፤ ብሎኑም በጊዜው ይዝጋል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ አለኝ። ከአዲሎ፣ ከዱራሜና ከሆሳዕና ጋራዦች ጀምራችሁ አረጋውያኑን መካኒኮች ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሙያውን ከማን ተማሩ? መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ ምን ሠሩ? ዛሬስ ለማን እያስተማሩ ነው? መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፉ፤ ዳዶውን ዳዶ፣ ኩሽኔታውንም ኩሽኔታ በሉት። ለመካኒክነት ሥራ የሰጠነው ግምት አነስተኛ በመሆኑ ታሪኩን ሳንጽፈው ቆይተናል። ሰዎቹ ግን ዛሬም አሉ፤ ስትሄዱ ሥራ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።