የመድረክን ምስጢር ወደ ፊልም ማሻገር

ተውኔት የሚጽፍ አንድ ወዳጄ የወንጀል ቴአትሩን ፊልም ሊያደርገው አስቦ ረቂቁን እንዳነብለት ሰጠኝ፡፡ በመድረክ ላይ ታሪኩ ተጀምሮ የሚያልቀው አንድ ሳሎን ውስጥ ነበር፡፡ በፊልም ረቂቁ ግን ገጸ ባሕርያቱ ሆቴል ይገባሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ ሐይቅ ዳር ሳይቀር ይሄዳሉ፡፡ ለምን ብለው «ፊልም ነዋ! ካሜራው መውጣት አለበት» አለኝ፡፡ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሁለት የቆዩ ፊልሞችን እንደገና አየሁ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡

የመጀመሪያው አልፍሬድ ሂችኮክ በ1954 ያቀረበው «ዳያል ኤም ፎር መርደር» ነው፡፡ የፍሬደሪክ ኖት ድርሰት ሲሆን፣ በ1952 መጀመሪያ በቢቢሲ ቴሌቪዥን፣ በዚያው ዓመት በለንደን መድረክ፣ ቀጥሎም በኒውዮርክ ብሮድዌይ ታይቷል፡፡ የቀድሞ የቴኒስ ተጫዋች የሆነው ቶኒ ሀብታም ሚስቱን የሚገድልለት ሰው ያሰማራል፡፡ እሷ ግን ገዳዩን በመቀስ ወግታ ትገድለዋለች፡፡ ባል ሆዬ ወዲያው ዕቅዱን ይቀይርና ሚስቱን ነፍሰ ገዳይ ያስመስላታል፡፡ ልብ በሉ፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ገና ከጠዋቱ እናውቃለን፡፡ የሚያጓጓን «እንዴት ይያዝ ይሆን?» የሚለው ነው፤ መልሱም ያለው በአንዲት የበር ቁልፍ ላይ ነው፡፡

ሂችኮክ ኋላ ላይ ለፈረንሳዊው የፊልም ሰው ፍራንሷ ትሩፎ እንዳስረዳው፣ ተውኔትን ወደ ፊልም ሲያመጡ ወደ ውጭ መዘርጋት ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ነው፤ የተውኔቱ ጉልበት በአንድ ቦታ መታፈኑ ነውና፡፡ ስለዚህ ፊልሙ ከዚያች መኖሪያ ቤት እምብዛም አይወጣም፡፡ ታዲያ ካሜራው ምን ሠራ? ቶኒ የግድያውን ዕቅድ ሲያስረዳ ከጣሪያው በኩል ሆኖ ቤቱን እንደ ካርታ ያሳየናል፤ ማን የት እንደሚቆም፣ በሩ የት፣ ስልኩ የት እንደሆነ በዓይናችን እንይዛለን፡፡ ቁልፏ ከደረጃው ምንጣፍ ሥር ስትደበቅም በቅርበት እናያለን፡፡ የመድረክ ተመልካች ከሩቅ ስለሚቀመጥ ይህን ሁሉ በንግግር ሊነገረው ግድ ነው፡፡

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ችሎቱ ነው፡፡ ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ፍርድ ቤት ሠርቶ፣ ጠበቃና ምስክር ደርድሮ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፡፡ ሂችኮክ የግሬስ ኬሊን ፊት ብቻ ያሳያል፤ ከኋላዋ የብርሃኑ ቀለም ይለዋወጣል፣ ድምፆች ይሰማሉ፣ ሞት ይፈረድባታል፡፡ አለቀ፡፡ ልብሷም መጀመሪያ ደማቅ የነበረው እየደበዘዘ ይሄዳል፡፡ መርማሪውንና ተቀጣሪውን ገዳይ የሚጫወቱት ጆን ዊሊያምስና አንቶኒ ዳውሰንም በቀጥታ ከብሮድዌይ መድረክ የመጡ ናቸው፡፡

ሁለተኛው የአጋታ ክሪስቲ «ዊትነስ ፎር ዘ ፕሮሲኪዩሽን» ነው፤ በ1953 ለንደን ላይ ለመድረክ በቃ፣ በ1957 ቢሊ ዋይልደር ፊልም አደረገው፡፡ ዋይልደር እንደ ሂችኮክ አልቆጠበም፤ ጨመረ፡፡ የጠበቃውን ልብ ሕመምተኛ አድርጎ በተውኔቱ ያልነበረች ነርስ መደበለት፡፡ ቻርልስ ላውተንና ነርሷ ኤልሳ ላንቸስተር በእውነተኛው ሕይወታቸውም ባልና ሚስት ስለነበሩ ንትርካቸው ይጥማል፡፡ ጭማሪው ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም፤ ችሎቱ በተካረረ ቁጥር ለሽማግሌው ጤና ጭምር እንሰጋለን፡፡ ተከሳሹ ሚስቱን ጀርመን ውስጥ እንዴት እንዳገኛት የሚያሳየው ትዝታ ግን ለእኔ ታሪኩን አላላው፡፡ መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ፊልሙ ራሱ ተመልካቹ ለሌላ እንዳይናገር በድምፅ ይለምናል፡፡

በነገራችን ላይ የዚችው ደራሲ «ዘ ማውስትራፕ» ከኅዳር 1952 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ይታያል፤ ኮሮና በመጋቢት 2020 አቋርጦት በግንቦት 2021 ቀጥሏል፡፡ የፊልም መብቱ ሲሸጥ ቴአትሩ ካበቃ ስድስት ወር ሳይሞላ ፊልሙ እንዳይወጣ ውል ተገብቷል፡፡ ገዢዎቹ እስኪያበቃ ይጠብቁ!

ወዳጄን ዳግም ሳገኘው የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ በመድረኩ ላይ ተዋናይቱ በቃል የምትተርከውን የደብዳቤ ነገር ካሜራው በዝምታ ሊያሳየው አይችልም ወይ? እሱን ወዶታል፡፡ ሆቴሉንም ሰርዟል፡፡ በሐይቁ ላይ ግን አሁንም እየተከራከርን ነው፡፡